«ባዶ መሬት» ብዬ የፈረምኩበት ሜዳ

(በማኅበራችን የዘንድሮ የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ስለ ዱር አበባ እንድናገር ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የሰጠሁት መልስ «ተሳስታችኋል፤ የባዮሎጂ ሰው ፈልጉ» የሚል ነበር። ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁኝ የአምስት ኪሎ ልጅ ነኝ። በ1988 ዓ.ም. በሲቪል ምህንድስና ከተመረቅሁ ወዲህ እንጀራዬ መሬት ማስቆፈር፣ መሠረት ማውጣትና ኮንክሪት ማስሞላት ነው። የአምስት ኪሎ ልጅ ስለ አበባ ሲያወራ የአራት ኪሎ ልጆች ቢስቁ አልቀየምም። ኮሚቴው ግን «ፎቶዎችህን አይተናቸዋል፤ እንዴት እንደጀመርክ ብቻ ንገረን» አለኝ። ያንን ለመናገር ደግሞ አንድ ጥፋቴን መናገር ግድ ሆነብኝ። በወንድሞቼና በእህቶቼ መካከል ስለሆንኩ አላፍርም።

ተወልጄ ያደግኩት አቃቂ ነው። አባቴ የጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፤ ቤታችንም ከባቡር ሐዲዱ ብዙ አይርቅም። ሰዓት የምናውቀው በፋብሪካው ሳይረንና በባቡሩ ጩኸት ነበር። ክረምት ሲገባ እኛ ልጆች ከሰፈር ወርደን ወደ አባ ሳሙኤል በሚወስደው ሜዳ እንሄዳለን። ጥቁሩ አፈር እግራችን ላይ እየተለጠፈ ጫማ ያልነበረንን ልጆች ባለጫማ ያደርገን ነበር። ለእንቁጣጣሽ አደይ አበባ ለእናቶቻችን እናመጣለን፤ በወረቀት ላይም አበባ እየሣልን ለጎረቤት አዛውንት እናድልና ሳንቲም እንቀበላለን። እኔ የምሥላት አደይ አበባ ሁልጊዜ አምስት ቅጠል ነበራት። «ተሳስተሃል» ያለኝ ሰው የለም፤ ሰውም እንደ እኔው አልቆጠረም መሰለኝ።

ዓመታት አለፉ። በ1999 ዓ.ም. የምሠራበት መሥሪያ ቤት በቂሊንጦ በኩል ለሚካሄድ አንድ ግንባታ የአፈር ምርመራ እንድመራ ላከኝ። በልጅነቴ ከብት ሲግጥበት የማውቀው ዓይነት ሜዳ ነው። ወሩ ሰኔ ነበር፤ ክረምቱ ሳይገባ እንጨርስ ብለን ስንጣደፍ ዝናቡ ቀደመን። የመመርመሪያ ጉድጓድ አስቆፈርኩ፣ ናሙና አስወሰድኩ፣ ፎቶ አነሳሁ፣ ቅጽ ሞላሁ። በቅጹ ላይ «በቦታው ላይ የሚገኝ» የሚል አንድ መስመር አለ። ቤት፣ አጥር፣ የመብራት ምሰሶ ወይም ትልቅ ዛፍ ካለ እዚያ ይጻፋል፤ ካሣ አለው፣ የማንሻ ወጪ አለው። እኔ ዙሪያዬን አየሁና «ባዶ መሬት» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። በመሥሪያ ቤታችን አሠራር ስህተት አልነበረም። እኔን ተክቶ ሌላ ባለሙያ ቢሄድም ያንኑ ይጽፍ ነበር።

ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2009 ዓ.ም.፣ የድሮ ኮምፒውተሬ አልሠራም ማለት ሲጀምር በውስጡ ያለውን ፋይል ወደ ሌላ ሳሻግር እነዚያን ፎቶዎች አገኘኋቸው። አሁን በስክሪኑ ላይ የምታዩት አንደኛው ነው። አንድ የቀን ሠራተኛ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ሜትር ዘርግቷል። ጥልቀቱ በደንብ ይነበባል፤ ለሪፖርት የሚሆን ጥሩ ፎቶ ነው። ከሠራተኛው ጀርባ ያለውን ደግሞ እዩት። ሜዳው ነጭ አበባ ለብሷል። በዚች ፎቶ ውስጥ ብቻ ከአርባ በላይ አገዳ ቆጥሬአለሁ። ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ጉድጓዱን አይቼአለሁ፣ ሜትሩን አይቼአለሁ፣ አበባውን ግን አላየሁትም። «ባዶ መሬት» ብዬ የፈረምኩትም በዚያው ዕለት ነው።

ነገሩ ለጥቂት ቀን እንቅልፍ ነሳኝ። ይሄ አበባ ምን ይባላል? ልጆቼን ጠየቅሁ፣ አያውቁም። የሰፈር ጓደኞቼን ጠየቅሁ፤ «አዎ፣ ድሮ ነበረ» ከማለት በቀር ስሙን የሚነግረኝ ጠፋ። በመጨረሻ ፎቶውን ይዤ አራት ኪሎ ወደ ብሔራዊ ሄርባሪየም ሄድኩ። በተማሪነቴ በአጠገቡ ስንት ጊዜ አልፌ ውስጡ ምን እንደሚሠራ ጠይቄ የማላውቅ ሰው ነኝ። እዚያ የተቀበሉኝ ባለሙያ ፎቶውን አጉልተው አዩና «ዘመዱን መገመት ይቻላል፤ ማንነቱን ግን ከዚህ ላይ ተነስቼ አልናገርም» አሉኝ። ከዚያ ጥያቄ አዘነቡብኝ። ቅጠሉ ምን ይመስላል? ከሥሩ ሽንኩርት አለው? በአንድ አገዳ ላይ ስንት አበባ ነው? ቦታውስ አሁን እንዴት ነው? ለመጨረሻው ጥያቄ ብቻ መልስ ነበረኝ። ፎቅ ሆኗል።

ባለሙያው አዘኑልኝ መሰለኝ መደርደሪያዎቹን አስጎበኙኝ። በወፍራም ወረቀት ላይ የተለጠፉ የደረቁ ዕፅዋት ናቸው። እያንዳንዱ ወረቀት ግርጌ ላይ ደግሞ ትንሽ መግለጫ አለ። የተገኘበት ቦታ፣ ከፍታው፣ የአፈሩ ዓይነት፣ አብሮት የሚበቅለው፣ ያካባቢው ሰው የሚጠራበት ስም፣ ቀኑና የሰብሳቢው ስም ተጽፎበታል። ይሄም ቅጽ ነው እኮ አልኩ በልቤ። እኔ ለዚያ ሜዳ በሁለት ቃል የዘጋሁትን ጥያቄ እነዚህ ሰዎች ለአንዲት ዘለላ ሣር በሙሉ ገጽ ይመልሱታል።

የእኛው ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፅዋት የመመዝገብ ትልቅ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1980 ጀምረው በ2009 በስምንት ቅጽ አጠናቀውታል። ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር፣ ሱ ኤድዋርድስ፣ ስዊድናዊቷ ኢንጋ ሄድበርግ፣ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰውና ሌሎች ብዙዎች የደከሙበት ሥራ ነው። ወደ 6,000 የሚጠጉ ዝርያዎች ተመዝግበውበታል፤ ከመቶ አሥር ያህሉ ከዚህ አካባቢ በቀር በዓለም ሌላ ቦታ አይገኙም። ይህ ሁሉ የሚሠራው እኔ ስታትስቲክስ ልፈተን ከምሮጥበት መንገድ ጥቂት እርምጃ ርቆ ነበር።

በዚያው ሳምንት አንድ ካሜራ ገዛሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቦቲ ጫማዬን አድርጌ ከአቃቂ ድልድይ እነሳለሁ። አንዳንዴ በቱሉ ዲምቱ በኩል፣ አንዳንዴ በወንዙ ዳር፣ አንዳንዴ ወደ አባ ሳሙኤል እሄዳለሁ።

መጀመሪያ የሠራሁትን ስህተት ልንገራችሁ። በመስከረም አንድ እርሻ ዳር ቢጫ አበባ ሞልቶ አገኘሁ። «አደይ አበባ!» ብዬ ከመቶ በላይ ፎቶ አነሳሁ። ከመካከላቸው አንዱን አሳጥቤ፣ በፍሬም አስገብቼ ሳሎን ሰቀልኩ፤ ለእህቶቼም ለበዓል ስጦታ ሰጠኋቸው። ለሄርባሪየሙ ባለሙያ በኩራት ሳሳያቸው ፈገግ አሉና «ይሄማ መጭ ነው» አሉኝ። መጭ የኑግ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ገበሬ በጤፍና በኑግ ማሳ ውስጥ እንደ አረም ይነቅለዋል። ልዩነቱ ያለው ቅጠሉ ላይ ነው። የመጭ ቅጠል ሻካራና ያልተሰነጣጠቀ ሆኖ ግንዱን ያቅፋል፤ የአደይ ቅጠል የተከፋፈለ ነው። እኔ ደግሞ ከመቶ ፎቶ አንዱም ላይ ቅጠሉን አላነሳሁም። አበባ ብቻ!

አደይ አበባም ቢሆን አንዲት አይደለችም። ቢደንስ በሚባለው ወገን ውስጥ ያሉ የተለያዩ ዝርያዎችን ሕዝባችን በአንድ ስም አደይ ይላቸዋል። ይህን ወገን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1984 ያሳተሙት ዶክተር መስፍን ታደሰ ናቸው። አንድ አበባ የምንለውም በእውነቱ ብዙ አበባ ነው። መሐል ላይ ያለው ቢጫ ክብ የትናንሽ አበቦች ስብስብ ነው፤ ዙሪያውን ያሉት «ቅጠሎችም» እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበቦች ናቸው። እኔ በቆጠርኳቸው ላይ እነዚህ የዙሪያ አበቦች ብዙውን ጊዜ ስምንት ናቸው። አምስት አይደሉም። በልጅነቴ ሳንቲም የሰጡኝን አዛውንት ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ከዚያ በኋላ ለአንድ ተክል ቢያንስ ስድስት ፎቶ የማንሳት ልማድ አወጣሁ። ለመጀመር የሚፈልግ ካለ ይጻፈው። አንደኛ፣ ተክሉ የቆመበት ቦታ በሙሉ፤ ሜዳ ነው፣ ገደል ነው፣ የወንዝ ዳር ነው? ሁለተኛ፣ ተክሉ ከመሬት እስከ ጫፍ። ሦስተኛ፣ የቅጠሉ ፊት። አራተኛ፣ የቅጠሉ ጀርባ። አምስተኛ፣ አበባው ከፊትና ከጎን። ስድስተኛ፣ ፍሬው ወይም ዘሩ፤ ካልደረሰ ተመልሶ መሄድ ነው። መጠኑ እንዲታወቅ አጠገቡ የአንድ ብር ሳንቲም ወይም እስክሪብቶ ማስቀመጥ አይረሳ። ውድ ካሜራ አያስፈልግም፤ የዛሬ ስልክ ከበቂ በላይ ነው። ቢጫና ነጭ አበባ በቀትር ፀሐይ ይቃጠላል፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት ቢነሳ ይሻላል፤ ካልሆነም ጃንጥላ ዘርግቶ ጥላ መፍጠር ነው። ለነጭ አበባ ብርሃኑን ትንሽ ቀነስ አድርጉ፤ አለበለዚያ የአበባው ጅማት ሁሉ ጠፍቶ ነጭ ወረቀት ይመስላል። ማታ እቤት ስትገቡ ቀኑን፣ ቦታውንና የነገራችሁን ሰው ቃል ጻፉ። ስልኩ ቀኑን በፈረንጅ ስለሚመዘግብ እኔ ሁለቱንም እጽፋለሁ።

«የነገራችሁን ሰው» ያልኩት በምክንያት ነው። አቃቂ ቃሊቲ የፋብሪካና የመጋዘን አገር ነው። ካሜራ ይዞ አጥር ሥር የሚንበረከክ ሰው ሁሌም ጥበቃ ይመጣበታል። አንድ ቀን በአንድ መጋዘን አጥር ጥግ ላይ አንዲት ቁጥቋጦ ሳነሳ ጥበቃው መጣ።

«ምንድነው የምታነሳው?»

«አበባ ነው፣ ወንድሜ።»

«እዚህ ምን አበባ አለ?»

እንግዲህ እኔም ከአሥር ዓመት በፊት ይህንኑ ነበር የምለው። የካሜራዬን ስክሪን አሳየሁት። በወረቀት ፋኖስ መሰል ሽፋን ውስጥ የተቀመጠች ቀይ ፍሬ ናት። ፊቱ ወዲያው ተለወጠ። «ጊዜዋ ናት እኮ! እኛ አገር እናቴ ለክፉ ዓይን ታጨሳታለች።» ከገጠር የመጣ ልጅ ነው። ከዚያ ወዲያ እጄን ይዞ በአጥሩ ዙሪያ አስጎበኘኝ። ቀጠጥና፣ እምቧይ፣ ራስ ክምር፣ የምድር እምቧይ እያለ እየጠራ አሳየኝ። ለእኔ የቆሻሻ መጣያ የመሰለኝን አጥር ጥግ እሱ እንደ መድኃኒት ቤት ያነበዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥበቃ ሲመጣ አልደነግጥም፤ «አገርህ ይሄ ምን ይባላል?» ብዬ እጀምራለሁ።

የወንዙን ዳር ስሄድ ደግሞ እንዶድን አገኛለሁ። እናቴ ነጠላዋን በእንዶድ ስታጥብ ትዝ ይለኛል፤ የዚያን ጊዜ ወንዙ ልብስ ይታጠብበት ነበር። ዛሬ ትንሹ አቃቂ የከተማውን ፍሳሽ ተሸክሞ ሲያልፍ ስታዩት ማመን ያቅታችኋል። የእንዶድን ታሪክ ግን እዚህ ያላችሁ መምህራን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች ልብስ በእንዶድ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብለው ሲያዩ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ብዙ መሆናቸውን አስተዋሉ። ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዝያ ተሸካሚዎች ናቸው። ከዚያ ምልከታ የተነሳው ምርምር ዛሬ በስማቸው በሚጠራው የዩኒቨርሲቲያችን የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ሲካሄድ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። እኔን የሚገርመኝ ሽልማቱ አይደለም። ያን ውኃ ስንት የተማረ ሰው እያየው አልፏል?

ሁሉም ቆንጆ አበባ ያገር ልጅ እንዳልሆነም ተምሬአለሁ። አባ ሳሙኤል ላይ ውኃውን የሸፈነ ሐምራዊ አበባ አይቼ በደስታ ፎቶ አነሳሁ፤ እምቦጭ ነበር። ከደቡብ አሜሪካ የመጣ፣ ውኃውን አፍኖ ሌላውን የሚያጠፋ አረም ነው። በመንገድ ዳር ነጫጭ አበባ አውጥቶ የሚታየው ቅንጬ አረምም እንዲሁ ከወደ አሜሪካ የመጣ ነው። አሁን እነሱንም አነሳለሁ፤ የት ደረሱ የሚለውም መመዝገብ አለበት።

ወደ ነጩ አበባዬ ልመለስ። ሦስት ክረምት ፈለግሁት። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ ላይ፣ ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ ባለ አንድ ረግረጋማ ሜዳ ጫፍ፣ ሁለት ላሞች የሚጠብቁ አንዲት እናት አገኘሁ። «አከም ጂርቱ፣ አዴ» ብዬ ሰላምታ ሰጥቼ ያችን የጉድጓድ ፎቶ በስልኬ አሳየኋቸው። ዓይናቸውን ጨፈን ከፈት አድርገው አዩና ሳቁ።

«ልጄ፣ ይህንን ፍለጋ ነው የምትንከራተት? ቁሉቢ ወራቤሳ ነው። ና።»

ወሰዱኝ። ከሜዳው ዝቅ ባለው ክፍል፣ ውኃ በሚተኛበት ጥቁር አፈር ላይ ቆሟል። ከአንድ አገዳ ጫፍ ላይ የተሰበሰቡ ነጫጭ፣ ጥሩንባ መሰል አበቦች። ጭቃው ላይ ተንበረከክሁ። ስድስቱንም ፎቶ አነሳሁ፤ እንዲያውም ስልሳ ሳይሆን አይቀርም።

ቁሉቢ ወራቤሳ በኦሮምኛ የጅብ ሽንኩርት ማለት ነው። ኋላ እንደሰማሁት በአማርኛም ስሙ ያው የጅብ ሽንኩርት ነው። ሁለት ቋንቋ አንዱን ተክል አይቶ አንድ ስም አወጣለት። ሽንኩርት ይመስላል፤ ግን መርዝ አለበትና ለሰው አይሆንም፣ ስለዚህ ለጅብ ተሰጠ። ሰው ዝም ብሎ የማያየውን ነገር እንዲህ አድርጎ ስም አያወጣለትም። ሰፈሮቻችንን አስቡ፤ ላፍቶ ማለት በኦሮምኛ ግራር ነው፤ ሾላ አለ፣ ወይራ ሰፈር አለ። የከተማችንም ስም አበባ ነው። ዛፉ ከሄደ በኋላ ስሙ ታክሲ ላይ ይጠራል።

በዚህ ጊዜ ሄርባሪየም በባዶ እጄ አልሄድኩም። እኚያ እናት ባሉበት አንድ ተክል ከነሽንኩርቱ አውጥቼ፣ በጋዜጣ መካከል ተጭኖ እንዲደርቅ አድርጌ ወሰድኩ። ባለሙያው ፎቶዎቹንና ናሙናውን አይተው ክራይነም አቢሲኒከም የሚባለው ነው አሉኝ። ከዚያ መግለጫ የሚጻፍበትን ወረቀት ሰጡኝና «ሙላው» አሉ። ቦታ፤ አቃቂ ቃሊቲ። አፈር፤ ጥቁር፣ ውኃ የሚተኛበት። አብሮት የሚበቅል፤ ቄጠማ፣ ማገጥ፣ ሰርዶ። ያካባቢ ስም፤ ቁሉቢ ወራቤሳ፣ የጅብ ሽንኩርት። ሰብሳቢ በሚለው ላይ ስሜን ስጽፍ ያ የ1999ኙ ቅጽ ፊቴ ድቅን አለ። ያው አፈር፣ ያው ወር፣ ያው ፊርማ ነው።

እናንተ የሙያ ባልደረቦቼ ይህን አፈር ታውቁታላችሁ። እኛ «ብላክ ኮተን» እንለዋለን፤ ገበሬው መረሬ ይለዋል። ሲዘንብ ያብጣል፣ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ ቤት ሲሠራበት ግድግዳ ይሰነጥቃል። ስለዚህ ቆፍረን እናወጣዋለን፣ ሰሌክት ማቴሪያል እንሞላለን፣ መንገዱ ላይ ቀይ አሽ እንደፋለን። በሙያዬ ሁሉ ይህ አፈር ጠላቴ ነበር። የጅብ ሽንኩርት ግን እዚያው ይኖራል። ሽንኩርቱ ጥልቅ ስለሆነ አፈሩ ሲሰነጠቅ ከታች ተሸሽጎ በጋውን ያሳልፋል፤ ዝናብ ሲመጣ ይነሳል። እኛ በብዙ ሚሊዮን ብር የምናሸንፈውን ችግር እሱ በዝምታ ለምዶታል።

በሁለተኛው ዓመት ስመለስ ሜዳው ላይ ችካል ተተክሏል። ኖራ ተሰምሯል። ከዚያ ቀን አስቀድሞ ስንት ችካል አስተክያለሁ! ማንንም ለመውቀስ አፌ አልደፈረም፤ ቤት የሚያስፈልገው ሕዝብ አለ፣ እኔም ለዚያ ሕዝብ ስሠራ የኖርኩ ነኝ። ፎርማኑን ፈልጌ አናገርኩት። የሥራ ባልደረባ መሆኔን ሲያውቅ «ጋሼ፣ ኤክስካቫተሩ ሐሙስ ነው የሚገባው፤ እስከዚያ የፈለግከውን አድርግ» አለኝ። ሁለት ቀን ነበረኝ። ከሁለት የቀን ሠራተኞች ጋር 31 ሽንኩርት አወጣን። ጥልቀቱን ሳያውቁ ሲቆፍሩ የተቆረጡም አሉ።

እኚያ እናት ዳር ቆመው ያዩናል። ላሞቹን ሸጠዋል፤ ወደ ልጃቸው ቤት ሊገቡ ነው። እንዲህ አሉኝ፤ «ሽንኩርቱን ወሰድክ እሺ። ሜዳውን ምን ውስጥ ትተክለዋለህ?» መልስ አልነበረኝም። እስከ ዛሬም የለኝም።

ሽንኩርቶቹን በአካባቢው ባለ አንድ ትምህርት ቤት ግቢ፣ ውኃ በሚተኛበት ጥግ፣ ከርዕሰ መምህሯ ፈቃድ ጠይቀን ተከልናቸው። በተከታዩ ክረምት 19ኙ ቅጠል አወጡ፤ ያበቡት ስድስት ናቸው። ልጆቹ ከሥራቸው የሁለት ቋንቋ ስም የጻፉበት ጣውላ ተክለውላቸዋል። ይህ ሜዳ አይደለም፤ ማገጡም፣ ቄጠማውም፣ በዚያ ላይ የሚመላለሰው ወፍም አልተከተላቸውም። እኔም ሜዳ አዳንኩ ብዬ አልመጣሁም። የቀረው ስድስት አበባ፣ ስልሳ ፎቶና አራት ኪሎ የተቀመጠ አንድ የደረቀ ተክል ነው። ለፊተኛው ሜዳ ግን ይህም አልተረፈለትም።

አንድ ነገር ግን ቀይሬአለሁ። ዛሬ ከጓደኞቼ ጋር በከፈትኩት ትንሽ ቢሮ የአፈር ምርመራ ቅጻችን ላይ አንድ መስመር ጨምረናል፤ «በቦታው ላይ የሚበቅል፤ ያካባቢ ስም፤ ፎቶ ቁጥር።» ወጣት መሐንዲሶቻችን መጀመሪያ ሳቁብኝ። «ሣር» ብለው እየጻፉ ያመጡልኝ ነበር። «የትኛው ሣር?» እላለሁ። አሁን ከሳይት ሲመለሱ እረኛ ጠይቀው፣ ጥበቃ ጠይቀው ይመጣሉ። ባለፈው ወር አንዷ ሰባት ስም ጽፋ መጣች፤ ሁለቱን እኔም አላውቃቸውም ነበር። ይህ መስመር ግንባታ አያስቆምም። ነገር ግን አንድ ቦታ ላይ ውኃ የሚተኛበት ጥግ ሳይነካ ለአረንጓዴ ቦታ እንዲቀር ለባለቤቱ ስንጠቁም ማስረጃችን እሱ ሆኗል፤ ባለቤቱም ተቀብሎናል። ቁፋሮውም ረከሰለት መሰለኝ!

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከጎንደርም፣ ከወለጋም፣ ከሐረርም፣ ከወላይታም የመጣን አለን። በውጭ አገር የምትኖሩም ለበዓሉ መጥታችኋል። ሁላችንም ያደግንበት ሜዳ፣ ገደል ወይም የወንዝ ዳር አለን። ከእናንተ መካከል ዘንድሮ ወደ አገሩ የሚሄድ ሁሉ አንድ ተክል ብቻ ይምረጥ። ስድስት ፎቶ፣ ቦታ፣ ቀን፣ ያካባቢው ሰው የሚጠራበት ስም። እናትህን ጠይቅ፤ አያትሽን ጠይቂ፤ ፎቶው በኋላም ይነሳል፣ ስሙን የሚያውቁት ግን እያነሱ ነው። ያመጣችሁትን ማኅበራችን ሰብስቦ በሚቀጥለው ዓመት መጽሔት ላይ ጥቂት ገጽ ቢሰጠው፣ ዋናውን ደግሞ ለሄርባሪየሙ ብናስረክብ መልካም ነው እላለሁ።

ለመምህሮቻችን አንድ ነገር ልጨምር። የምህንድስና ተማሪዎች በአምስት ዓመት ቆይታቸው አንዲት ቀን ብቻ ሄርባሪየም ገብተው፣ ያን ትንሽ መግለጫ በእጃቸው ሞልተው ቢወጡ፣ ከእኔ ቀድመው የሚያዩ ይመስለኛል።

እንግዲህ ግንቦት ሊያልቅ ነው። ዝናቡ ከዘነበ በሰኔ ሁለተኛው ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ አቃቂ ድልድይ አጠገብ እቆማለሁ። መምጣት የፈለገ ቦቲ ጫማና ጃንጥላ ይዞ ይምጣ፤ ሻይ በእኔ ነው። የአራት ኪሎ ልጆች ደግሞ ከመጣችሁ መጭና አደይን ስለይ ታርሙኛላችሁ።

 ለከርሞ በሰላም ያገናኘን።